«የእኛ ልጅ ናት» ከማለታችን በፊት

ጎንደር የወለደችውን ሰው አትረሳም፤ በተለይ ሲከብር። ስሙ በዜና ከተነሣ ቀድሞ የሚጠየቀው ሥራው ሳይሆን ዘሩ ነው። «የማን ልጅ ነው? በየት በኩል?» ይባላል። ጥቂት ሳይቆይ እናቱን የሚያውቅ፣ ከአጎቱ ጋር ያደገ፣ አያቱን የቀበረ ሰው ይገኛል። ግንቦት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ፕኒና ታማኖ-ሻታ የእስራኤል የኢሚግሬሽንና ውህደት ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙም እንዲሁ ሆነ። ኮሮና ሰዉን በየቤቱ ባስቀመጠበት በዚያ ሰሞን ፎቶግራፋቸው ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። በኢትዮጵያ ተወልዶ በእስራኤል ሚኒስትር የሆነ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ለጎንደር ደግሞ ነገሩ ከሹመት ዜናም በላይ ነበር። «የእኛ ልጅ ናት» አለ ሁሉም።

እኔም ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ግን እንዲህ ስንል ዘለን የምናልፈው ነገር አለ። አንድን ሰው የእኔ ነው የምል ከሆነ፣ ለምን ከእኔ እንደሄደም መናገር መቻል አለብኝ። የወይዘሮ ፕኒናን የፖለቲካ ጉዞ ለዓመታት የተከታተልኩት በዚህ ስሜት ነው፤ ኩራትም አለበት፣ ዕዳም አለበት። (የእስራኤልን ነገር ስጽፍ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ሳነሣ ዓ.ም. እላለሁ።)

የተወለዱት በ1981 ነው፤ ከጎንደር አቅራቢያ፣ ውዛባ በምትባል የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ መንደር። ሦስት ዓመት ሲሆናቸው ቤተሰቡ አገር ለቆ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያሳደጋቸው፣ ያስተማራቸውም ሆነ የሾማቸው ጎንደር አይደለም። ከሕይወታቸው የእኛ ድርሻ የሚባለው አባታቸው ልጆቹን ይዞ ከመንደሩ የወጣበት ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ከዚያ እጀምራለሁ።

ቤተ እስራኤል በዚህ አገር እንግዶች አልነበሩም። ስሜን ላይ የራሳቸው ገዥዎች ነበሯቸው፤ ከነገሥታቱ ጋር ለዘመናት ተዋግተዋል። በ17ኛው መቶ ዘመን በአጼ ሱስንዮስ ጊዜ ገዥያቸው ጌዴዎን ተሸንፎ ከወደቀ በኋላ ርስታቸውን አጡ። ርስት የሌለው ሰው በዚህ አገር ምን እንደነበረ ለጎንደሬ አይነገርም። የሰው መሬት እያረሱ፣ ወንዱ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ እየሠራች ኖሩ። ነገሥታቱ ከተማዋን ሲያሳምሩ በግንበኝነቱና በአናጢነቱ የእነርሱም እጅ ነበረበት። ዛሬ እንግዳ ይዘን የምንዞረው ግንብ ላባቸው አለበት። ከተማው ውስጥ ለብቻቸው የሰፈሩበት ቦታ ካይላ ሜዳ ይባል ነበር።

የሠሩትን ወደድን፣ እነርሱን ፈራን። አያቴ ምጣዷንም ጀበናዋንም የምትገዛው ወለቃ ከሚባለው የቤተ እስራኤል መንደር ሴቶች ነበር፤ «እጃቸው የተባረከ ነው» ትል ነበር። ያንኑ ጀበና ጥዳ ቡና ስታፈላ ግን ሸክላ ሠሪዋን ጎን ለጎን አስቀምጣ የምትጠጣበት ቀን አልነበረም። የመንደር ሕፃን ድንገት ከታመመ ጣት የሚቀሰረው ወደ እነርሱ ነው። ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ዐይናቸው የሰው ደም ይመጥጣል ይባል ነበር። መራራቁ የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ እነርሱም በኦሪት የመንጻት ሥርዓታቸው ምክንያት ከሌላው ከተነካኩ ይታጠቡ ነበር፤ ባላገሩም «አትንኩኝ» ይላቸው ነበር። ሆኖም የእነርሱ መራቅ ሥርዓት ነበር፤ የእኛ ግን ክስ ነበር፣ ክሱም ሰው ያስደበድባል፣ ከዚያም አልፎ ያስገድላል።

መሬት ለመያዝ የበቁት «መሬት ለአራሹ» በ1967 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ ነው። እሱም ሳይጸናላቸው ኢዲዩ፣ ኢሕአፓና ደርግ በዚሁ ምድር ላይ ተፋጁ። ከዚያ የ77ቱ ድርቅ መጣ። ኢየሩሳሌምን የመናፈቃቸው ነገር ከሁሉም የቀደመ መሆኑን አውቃለሁ፤ በየዓመቱ ስግድን ተራራ ወጥተው ሲያከብሩ የሚጸልዩት ስለ እርሷ ነበር። ሆኖም ናፍቆት ብቻውን ሕፃን አዝሎ በሌሊት አያስኬድም። ከኋላ የሚገፋም ነገር ነበረ፤ ከሚገፋው ውስጥ የእኛ እጅ አለበት።

መንገዱ ወደ ሱዳን ነበር። በደርግ ዘመን ወደዚያ ሲሄድ የተያዘ ይታሰራል፤ ስለዚህ የሚጓዙት በሌሊት ነበር። ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባ በሚባለው ካምፕና በሌሎቹ ማንነታቸውን ደብቀው ወራት ከረሙ። በመንገድና በካምፕ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። የሙሴ ዘመቻ የተባለው ምስጢራዊ የአውሮፕላን ማመላለስ የተጀመረው ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ እኛ ኅዳር ሚካኤልን ስናከብር ነው። ያበቃው ታኅሣሥ 27፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው ነበር። ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከካርቱም በአውሮፓ በኩል እስራኤል ገቡ። ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ የአረብ አገሮች ሱዳንን ስለተጫኗት በረራው ባንድ ጊዜ ቆመ፤ ብዙ ቤተሰብም ለሁለት ተከፍሎ ቀረ። ሕፃኗ ፕኒና ከአባቷና ከአምስት ወንድሞቿ ጋር ደረሰች። እናቷ ከኋላ ቀርታ ነበር፤ የተገናኙት ከዓመታት በኋላ ነው።

ይህችን ነገር ደጋግሜ አስባታለሁ። ኋላ ቤተሰብን የማገናኘት ጉዳይ የሚወሰንበትን መሥሪያ ቤት የመሩት ሴት ራሳቸው እናታቸውን ሲጠብቁ ያደጉ ልጅ ናቸው። ፖለቲከኛ ስለሚሠራው ሥራ ከመጽሐፍ ወይም ከአማካሪ ሊማር ይችላል፤ እኚህ ሴት ግን መጠበቅ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሪፖርት አላስፈለጋቸውም።

ያደጉት ፔታህ ቲክቫ በምትባል ከተማ ነው። ሕግ ተማሩ፤ በተማሪነታቸው በትውልደ ኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር አመራር ውስጥ ነበሩ። ከዚያም በመንግሥቱ ቴሌቪዥን፣ በአንደኛው ቻናል፣ ጋዜጠኛ ሆኑ። ወደ ፖለቲካ የገቡት በ2013 ምርጫ ነው። ያይር ላፒድ አንድ ዓመት ሳይሞላው ያቋቋሙት የሽ አቲድ ፓርቲ በዕጩዎቹ ዝርዝር 14ኛ አድርጎ አቀረባቸው። ፓርቲው 19 ወንበር አገኘና በኢትዮጵያ የተወለዱ የመጀመሪያዋ ሴት የክኔሴት፣ የእስራኤል ምክር ቤት፣ አባል ሆኑ።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ የሥነ ዜጋ መምህር ስለሆንኩ ማለፍ አልችልም። በእኛ አገር ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው የታወቀ የምርጫ ክልል አለው። 547ቱ መቀመጫዎች ለየአካባቢው የተከፋፈሉ ስለሆኑ ሰው የሚመረጠው በሚያውቁት ዘንድ ነው። በእስራኤል አገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው። መራጩ ድምፅ የሚሰጠው ለፓርቲ ነው፤ 120ዎቹ ወንበሮች ፓርቲዎቹ ባገኙት ድምፅ ልክ ይከፋፈላሉ፤ ከፓርቲው ማን እንደሚገባ የሚወስነው በዝርዝሩ ላይ ያለው ተራ ነው። በየሽ አቲድ ደግሞ ተራውን የሚያወጣው የፓርቲው መሪ ነው። ይህ አሠራር ቁጥሩ ትንሽ ለሆነ፣ በየከተማው ለተበተነ ማኅበረሰብ በር ይከፍታል፤ የትኛውም አካባቢ ላይ አብላጫ ሳይኖርህ ምክር ቤት ትገባለህ። ግን የከፈተልህ ሰው ሊዘጋብህም ይችላል። ከመጤ ቤተሰብ የወጣ ፖለቲከኛ «ወገኖቼ መረጡኝ» ብሎ በሙሉ አፉ መናገር አይችልም፤ አለቃው ዝርዝሩ ላይ አስቀምጦታል። የወይዘሮ ፕኒናን ውጣ ውረድ ያለዚህ መረዳት አይቻልም።

በፊታቸው ያለፉም ነበሩ። የመጀመሪያው አቶ አዲሱ መሰለ ናቸው፤ በ1996 በሌበር ፓርቲ በኩል ክኔሴት ገቡ። የገቡበት ዓመት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የእስራኤል ደም ባንክ ከትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚለገሰውን ደም ኤችአይቪ ይኖርበታል በሚል ፍራቻ ለለጋሾቹ ሳይነግር ሲጥል እንደኖረ አንድ ጋዜጣ አጋለጠ። ወታደሩ ሰጥቷል፣ እናት ሰጥታለች፣ ተማሪ ሰጥቷል፤ ሁሉም ተደፍቷል። ወደ 10,000 የሚሆን ሰው ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ፤ ፖሊስ በአስለቃሽ ጢስና በውኃ መለሰው። ከሰልፉ መሪዎች አንዱ አቶ አዲሱ ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን አንገቱን ደፍቶ የኖረ የሚመስለው ማኅበረሰብ በአንድ ቀን ድምፅ ሆነ፤ ከወራት በኋላም ወኪል አገኘ።

አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ። ታኅሣሥ 2013 የማገን ዳዊድ አዶም፣ የእስራኤል የአምቡላንስና የደም አገልግሎት፣ የደም ልገሳ ቡድን ክኔሴት ግቢ መጥቶ ቆመ። እንደራሴዋ ፕኒና ሊለግሱ ቀረቡ። በመመሪያው መሠረት ደማቸው እንደማይወሰድ ተነገራቸው። ኤችአይቪ በተስፋፋባቸው አገሮች የተወለደ ሰው ደም አይለግስም የሚለው የጤና ጥበቃ መመሪያ በሦስት ዓመታቸው ከአገር የወጡትን ሴትም ይመለከት ነበር። ሲከራከሩ፣ ደሙን ልንወስድ እንችላለን፣ ግን ይቀዘቅዛል እንጂ ለሰው አይሰጥም ተባሉ። ሁሉም ነገር በካሜራ ተቀረጸ። ፕሬዝዳንቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩም አወገዙት። የክኔሴቱ አፈ ጉባኤ ዩሊ ኤደልሽታይን፣ እርሳቸውም ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ስደተኛ፣ ቡድኑን ከግቢው አስወጡት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መመሪያው ተለወጠ።

ያን ቪዲዮ ጎንደር ቁጭ ብዬ ሳየው በልቤ የመጣው የእስራኤል ዘረኝነት አይደለም። የመጣው ወለቃ ነው። እዚህ «ደም ይመጥጣሉ» ተብለው ተፈሩ፤ እዚያ ደማቸው ለሰው አይሆንም ተብሎ ተፈራ። እኛ የጠንቋይ ቃል ይዘን፣ እነርሱ የሐኪም ወረቀት ይዘው፣ ሁለታችንም ያንኑ ሰው ከማዕዳችን አራቅን። የሕክምና ጥንቃቄንና የቡዳ ወሬን አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በሽታን መከላከል የሐኪም ግዴታ ነው። ግን እያንዳንዱን ደም መርምሮ ማወቅ እየተቻለ ሰውን በተወለደበት አገር ብቻ ሲመልሱት፣ የሚመለሰው ሰው የሚሰማው አንድ ነው። በእኔ አስተያየት ከወይዘሮ ፕኒና የፖለቲካ ሥራ ሁሉ ትልቁ በዚያ ጠዋት የሠሩት ነው። ሕግ አላረቀቁም፣ ንግግር አላዘጋጁም፤ ክንዳቸውን ዘረጉ። ማዕረግ እንዳለውና እንደሌለው መመሪያው እኩል እንደሚያዋርድ አገሩ ሁሉ አየ። ተራ ሰው ቢሆን ኖሮ ተመልሶ ይሄዳል፤ ማንም አይሰማም።

ማዕረጉም ቢሆን ዘላቂ አልነበረም። በ2015 የሽ አቲድ ወደ 11 ወንበር ሲወርድ እርሳቸው ከዝርዝሩ መስመር በታች ቀሩ። ተመልሰው የገቡት በየካቲት 2018፣ አንድ የፓርቲው አባል ሲለቅ ነው። በ2019 የሽ አቲድ ከቀድሞው የጦር አዛዥ ከቤኒ ጋንትዝ ጋር «ሰማያዊና ነጭ» በሚል ስም ተጣመረ፤ በ2020 ጋንትዝ ከጠቅላይ ሚኒስትር ናታንያሁ ጋር መንግሥት ለመመሥረት ሲስማሙ ጥምረቱ ፈረሰ፤ ወይዘሮ ፕኒና ከላፒድ ተለይተው ከጋንትዝ ጋር ቀሩ። ሚኒስትርነቱ የመጣው በዚህ ነው።

ስለዚህ እርምጃ ብዙ ተወቅሰዋል። ዝርዝሩ ላይ ያስገባቸውን ሰው ትተው ሄዱ ተባለ። እኔ በዚህ አልወቅሳቸውም። በሰው ዝርዝር ላይ የሚኖር ፖለቲከኛ አንድ ቀን የራሱን ውሳኔ መወሰኑ አይቀርም። ከተቃዋሚ ወንበር ላይ ሆኖ ስለ ወገን ከመናገርና ውሳኔ የሚሰጥበት ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጥ እርሳቸው ሁለተኛውን መረጡ። የሚለካው ከተቀመጡ በኋላ በሠሩት ነው፤ ያ መለኪያ ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው እዚህ፣ ጎንደር ነው።

ጎንደር ውስጥ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ከዳሞት፣ ከአለፋ፣ ከደምቢያ ገጠር መሬታቸውን ትተው የመጡ ናቸው፤ ቤት ተከራይተው፣ የቀን ሥራ እየሠሩ፣ ዓመት ዓመትን እየወለደ የሚኖሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደረሰው የሚስዮናውያን ስብከት፣ ከክፉ ቀን ረሃብና ከማኅበራዊ ጫና የተነሣ ክርስትና የተቀበሉ የቤተ እስራኤል ልጆች ልጆች ናቸው። ስለዚህ እስራኤል የምታስገባቸው በ1950ው የመመለስ ሕግ ሳይሆን በሌላ የመግቢያ ሕግ፣ በመንግሥት ውሳኔና በኮታ ነው። በመመለስ ሕጉ የሚገባ ሰው መብቱን ይዞ ይሄዳል፤ እነዚህ ግን ውሳኔ ይጠብቃሉ። ወንድም እዚያ፣ እኅት እዚህ፤ እናት እዚህ፣ ልጅ እዚያ ወታደር።

ከእነዚህ አንዲት እናት ጎረቤቴ ናቸው። ሹመቱ በተሰማ ሰሞን «እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን፣ ልጄ» አሉኝ። «አሁንማ ሹሟ ከእኛው ናት። ሹም የሆነ ዘመድ ዘመዱን ደጅ አያስቀምጥም።»

ሚኒስትር ብቻውን እንደማይወስን፣ ካቢኔ እንዳለ፣ በጀት እንዳለ፣ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚባል ሌላ መሥሪያ ቤት ስም ዝርዝሩን እንደሚይዝ አስረዳኋቸው። ሲያዳምጡኝ ቆዩና «ታዲያ ለምን ሾሟት?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። የኢሚግሬሽን ሚኒስትር ማለት በዋናነት የገባውን ተቀብሎ የሚያቋቁም ነው፤ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ነው። ለሰው ሲታይ ግን በሩ ላይ የቆመው እርሱ ነው፤ ወቀሳውም ወደ እርሱ ይመጣል። ስደተኛ ሆኖ ስደተኞችን የሚመለከት ወንበር ላይ የሚቀመጥ ፖለቲከኛ ሁሉ ይህ ያገኘዋል። ከላይ ያሉት «የራስሽ ሰዎች ስለሆኑ አዳላሽ» ይላሉ፤ ከታች ያሉት «የራስሽ ሰዎች ሆነን ረሳሽን» ይላሉ።

ያም ሆኖ ወንበሩ ባዶ አልነበረም። በጥቅምት 2020 መንግሥት 2,000 ሰዎች እንዲገቡ ወሰነ፤ ዘመቻው ጹር እስራኤል ተባለ። ጊዜው ለእኛ ከባድ ነበር። ከውሳኔው በኋላ የትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ ዐሥር ቀን ሳይሞላው፣ ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያችን ላይ ሮኬት ተተኩሶ ነበር። ሚኒስትሯ በፈረንጆቹ ኅዳር መጨረሻ ኢትዮጵያ መጡ፤ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 3 ቀን ከ316 ሰዎች ጋር ቤን ጉሪዮን አረፉ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩና ጋንትዝ ወጥተው ተቀበሉ። ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት በምስጢር የተወሰደችው ሕፃን በግላጭ ሌሎችን ይዛ ተመለሰች። ያን ቀን ጎንደር ውስጥ ከልብ የተለቀሰ ለቅሶ ነበር፤ የደስታም፣ የቀሩትም።

በኅዳር 2021 ሌላ 3,000 ሰው እንዲገባ ተወሰነ። እሱ በፍርድ ቤት ክርክር ለጊዜው ተገታ፤ በረራው የቀጠለው በሰኔ 2022 ነው። በዚሁ መካከል ዩክሬን ተወረረች። ከሩሲያና ከዩክሬን በዚያ ዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እስራኤል ገቡ፤ የተቀበላቸው የወይዘሮ ፕኒና መሥሪያ ቤት ነው። አያቱ አይሁድ የሆነ ሰው በሳምንታት ውስጥ ሲገባ ጎንደር ያለችው እናት ልጇን ለማየት ዓመታት ትቆጥር ነበር። ልዩነቱን ሕጉ ፈጠረው ቢባል እውነት ነው። ግን እዚህ ያለ ሰው ሕጉን አያይም፤ የሚያየው ቴሌቪዥን ላይ ከአውሮፕላን የሚወርደውን ሰው ነው።

ስለ ሥልጣን አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ለተማሪዎቼም የማነሣው ስለሆነ። በ2015 መጨረሻ የእስራኤል መንግሥት ወደ 9,000 የሚሆኑ ሰዎችን ለማስገባት ከወሰነ በኋላ ገንዘብ የለም ብሎ አዘገየው። ያኔ በገዥው ፓርቲ በሊኩድ ተመርጠው የገቡት ዶክተር አብርሃም ንጉሤ ሚኒስትር አልነበሩም፤ ተራ እንደራሴ ነበሩ። የናታንያሁ ጥምር መንግሥት ግን ከ120ው 61 ወንበር ብቻ ነበረው። ዶክተር አብርሃም ከአንድ የፓርቲ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ውሳኔው ካልተፈጸመ ከመንግሥት ጋር ድምፅ አንሰጥም አሉ። በ2016 ጸደይ ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ገቡ። አንድ ድምፅ፣ በትክክለኛው ቀን ሲያዝ፣ አንዳንዴ ከሚኒስቴር ይበልጣል። ዶክተር አብርሃም በኋላ አዲስ አበባ የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። ሁለቱን ጉዞዎች ጎን ለጎን ሳያቸው፣ ማዕረጉ ከፍ ሲል እጅ ይበልጥ እንደሚታሰር ይሰማኛል። ሚኒስትር የመንግሥቱ አካል ነው፤ መንግሥቱን ማስፈራራት የሚችለው እስኪለቅ ድረስ ብቻ ነው። እኔ እንኳ ብሆን የትኛውን እንደምመርጥ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሚኒስትርነቱ በታኅሣሥ 2022 አበቃ፤ ወይዘሮ ፕኒና በክኔሴት ቀጠሉ። ጎረቤቴም እዚሁ ቀጠሉ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልሉ ውጊያ ጎንደር ከተማ ውስጥ ሲገባ እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን አወጣች፤ እርሳቸው ከነዚያ ውስጥ አልነበሩም።

አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ «መምህር፣ እዚሁ ቢቀሩ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር?» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሁላችንም መልሱን እናውቃለንና። በ1977 ዓ.ም. የሦስት ዓመት ልጅ የነበረች የሸክላ ሠሪ ልጅ ትምህርት ቤት ብትደርስ፣ ብትማር፣ ሕግ ብታጠና እንኳ፣ በዚህ አካባቢ ለምክር ቤት ልወዳደር ብትል ስንቱ ነው «ወገኗ ምንድን ነው?» ብሎ በሹክሹክታ የማይጠይቅ? ተማሪዎቼ ይህን ሲከራከሩበት ደወል ተደወለ፤ እነርሱ ግን ውጭም ቀጠሉ።

ዛሬስ ቢመለሱ? በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ፣ ማውጣት ይችላሉ። ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ይሠራሉ፣ ንብረት ያፈራሉ። መምረጥና መመረጥ ግን አይችሉም። በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥራትም አይችሉም። ሌላ ዜግነት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል ይላል ሕጋችን። አዋጁ ለራሱ ምክንያት አለው፤ እስራኤልም ብትሆን የክኔሴት አባል ሌላ ዜግነቱን እንዲተው ትጠይቃለች። እኔን የሚያሳስበኝ አንቀጹ አይደለም። በገዛ አገሩ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው የሄደ ኢትዮጵያዊ «መጤ» ተብሎ ቤቱ ሲቃጠል ባየንባቸው ዓመታት፣ ከሌላ አገር የመጣ ሕፃን አድጎ ሚኒስትራችን ይሆናል ብለን ማሰብ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ነው።

ነገሩ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ በራችን ላይ ነው። በመተማ በኩል ያ የ1977ቱ መንገድ ዛሬ በተቃራኒው ሰው ይሄድበታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ቤተሰቦች በኩመርና በአውላላ ሰፈሩ፤ እዚያም ሳሉ በታጣቂዎች ተጠቅተዋል። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች አሉ። ከእነዚህ መካከል የሦስት ዓመት ልጆች ሞልተዋል፤ አማርኛ ከእኛ ልጆች ጋር እየተጫወቱ ይለምዳሉ።

የጎንደር ሰው ከእነዚህ ልጆች አንዷን ትምህርት ቤት ሲያስገባ፣ ቤት ሲያከራይ፣ «ከየት ናት?» ብሎ ሳያበላልጥ ወንበር ሲሰጥ ማየት እፈልጋለሁ። ወለቃ ያለውን የቤተ እስራኤል መንደር ለቱሪስት መሸጫ ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤቶቻችን የታሪክ ክፍል ሲያደርገው፣ ስለ ቡዳው ወሬም ለልጆቹ ሳይደብቅ ሲነግር ማየት እፈልጋለሁ። ይህን በከተማው የትምህርት ስብሰባ ላይ አንሥቻለሁ፤ መልስ እስካገኝ ድረስም አነሣዋለሁ።